መኪናዬን ያልፈተሸው ተማሪዬ

አርባ ምንጭ ውስጥ መሪ ከጨበጠው ሰው ብዙው በእኔ እጅ ያለፈ ነው። በእጄ ስል በእግሬ ማለቴ ነው። የመንጃ ፈቃድ አሰልጣኝ ነኝ። የማሰልጠኛ መኪና በአሰልጣኙ በኩል ሁለተኛ የፍሬን ፔዳል እንዳላት የሰለጠነ ሁሉ ያውቃል፤ ያቺ ፔዳል የእኔ ናት። ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ሰልጣኝ ሲደነግጥ እኔ ረግጫለሁ፤ ሲፎክርም እኔ ረግጫለሁ። በዚህ የተነሣ በከተማው ስሜ ከነክብሩ ነው የሚጠራው። በዕድሜ የሚበልጡኝ ሳይቀሩ «ጋሽ ጌታሁን» ይሉኛል። ባንክ ቤት ወረፋ ስይዝ አንዱ ተማሪዬ ከፊት ዞር ብሎ «ጋሼማ ይለፉ» ሳይል አይቀርም። ክብር ደግሞ ይለመዳል፤ እኔም ለምጄው ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ ይኸው የለመድኩት ክብር ልጄን ሊያሳጣኝ ስለነበረበት ቅዳሜ ነው።

ነገሩን ያመጣችው ራሷ ልጄ ናት። ቤቴል ትባላለች፤ የመጀመሪያዬ ናት። በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቃ ዓመት ከመንፈቅ ሥራ ስትፈልግ ከርማለች። አንድ ከሰዓት ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች።

«አባዬ፣ አውቶክሮስ ሊደረግ ነው። እዚሁ አርባ ምንጭ!»

«ምን ክሮስ?»

«ሜዳ ላይ ኮን ይደረደራል። መኪኖች አንድ በአንድ ነው የሚገቡት። ኮን ሳትጥል፣ መንገዱን ሳትስት፣ ማን ቶሎ እንደጨረሰ በሰዓት ይያዛል።»

«እኔ ለእሽቅድምድም ዕድሜዬ አልፏል።»

«እሽቅድምድም አይደለም ስልህ! ከማንም ጋር አትጋፋም። ደግሞ ኮን ነው፣ አባዬ። ዕድሜህን ሙሉ ሰው በኮን መሃል ስታሽከረክር አይደለም እንዴ የኖርከው?»

እዚህ ላይ ያዘችኝ፤ ሰልጣኝ የሚዞርባቸው እነዚያ ሾጣጣ የፕላስቲክ ምልክቶች እንጀራዬ ናቸው። አዘጋጁ ናሆም የሚባል፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ የሚያስተምር ወጣት መምህር ነበር። እኔ በራሴ መኪና፣ ቤቴል ደግሞ በጓደኛዋ በሰላም ቪትዝ እንድንገባ ተስማማን። የእኔዋ ነጭ ዲኤክስ ናት፤ ከቤቴል በዕድሜ ትበልጣለች፤ ለማሰልጠኛው በኪራይ የምትሠራውም እሷው ናት። «በእኔ መኪና ለምን አትነጂም?» ብዬ ስጠይቃት ቤቴል ሳቀች።

«አንድ ቀን እንኳ ያንተ እግር የሌለበት መኪና ልንዳ እስቲ» አለችኝ።

በሳቅ ስለነገረችኝ በሳቅ አለፍኩት።

የዝግጅቱ ዝርዝር በቴሌግራም መጣ። መኪናው ውስጥ የሚንከባለልም የሚወዛወዝም ነገር አይኑር፣ የጎማ ዳዶ ይጥበቅ፣ የጎማ ንፋስ ይለካ፣ ባትሪው በማሰሪያ ይያዝ፣ ፍሬኑ ይታይ፤ ነጂውም በደንብ ይተኛ፣ ድፍን ጫማ ያድርግ፣ ሄልሜት ይዞ ይምጣ ይላል። ረቡዕ ዕለት ቤቴልና እኔ መኪናዋን ባዶ አደረግናት። ከወንበር ስር የወጣውን ጉድ አትጠይቁኝ። ባዶ ሃይላንዶች፣ የደረቀ የማንጎ ፍሬ፣ የአንድ ሰልጣኝ የመዝሙር ደብተር፣ አንድ እግር የሴት ጫማ።

«አንድ እግር ጫማ ጥላ የወረደችው ሰው እንዴት ቤቷ ገባች?» አለች ቤቴል።

«እናትሽ ሳታየው ወርውሪው» አልኳት። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ሁሉ ጨዋታ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ቤቴል ሄልሜት ልትዋስ ሄደች። እኔ ብቻዬን መኪናዋን በክሪክ አነሣሁና ጎማዎቹን አንድ በአንድ እያወረድኩ አያለሁ። የፊት ግራውን ሳወርድ ከውስጥ በኩል እርጥበት ታየኝ። በጣቴ ነካሁና አሸተትኩት፤ የፍሬን ዘይት ነው። ዘይቱን ወደ ጎማው የሚያደርሰው የላስቲክ ቱቦ ከመታጠፊያው ላይ ተሰነጣጥቋል፤ ከአንዱ ስንጥቅ ዘይቱ እንደ ላብ ይወጣል።

ይህን ጥያቄ ለስንት ሰልጣኝ አቅርቤዋለሁ። «የፍሬን ዘይት ሲያፈስ ብታይ ምን ታደርጋለህ?» መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ መኪናው ይቆማል። «በቀስታ እየነዳሁ ጋራዥ እወስደዋለሁ» ያለኝን ሰልጣኝ ተቆጥቼ ከመኪና አስወርጄ አውቃለሁ።

መለዋወጫ ቤት ደወልኩ፤ ቱቦው እዚህ የለም። ከአዲስ አበባ ቢታዘዝ በአውቶብስ ሰኞ ይደርሳል አሉኝ። ውድድሩ ቅዳሜ ነው። የተወዳዳሪዎች ስም ዝርዝር ቀድሞ በስልክ ተሰራጭቶ፣ ገበያ ስወጣ «ጋሼ፣ ቅዳሜ እንመጣለን!» የማይለኝ አልነበረም። ብቀር ምን እንደሚሉ አሁኑኑ በጆሮዬ ይሰማኝ ጀመር። «ጋሽ ጌታሁን ፈሩ። ለካ ከአጠገብ ተቀምጦ መርገጥ ነው የሚያውቁት!»

ቱቦውን በላስቲክ ክር ጠፈርኩት፤ በላዩ ቀጭን ሽቦ አሰርኩበት። ዘይት ሞላሁ። ፔዳሉን ደጋግሜ ስረግጠው ጠነከረ። ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞርኩ፤ ያዘልኝ። ጠባይዋን አውቀዋለሁ፣ ለእኔ ትበቃኛለች አልኩ። ጎማውን መልሼ ዳዶውን ሳጠብቅ ቤቴል ቀይ ሄልሜት ታቅፋ ደረሰች።

«ጎማዎቹ እንዴት ናቸው?»

«ሰላም ነው» አልኳት።

ያን ዕለት ማታ ከእራት በኋላ ባለቤቴ አስቴር እንደ ወትሮዋ ጸለየች። ስትጨርስ ወደ እኛ ዞረችና «እንድታሸንፉ አልጸለይኩም፤ ለፍሬናችሁ ግን ጸልያለሁ» አለች። ቤቴል ሳቀች። እኔ «አሜን» አልኩ።

አርብ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ዘይቱ አንድ ጣት ያህል ጎድሏል። ሞላሁት፤ ባዶ ጣሳውንም ቤቴል እንዳታየው ከግቢው ውጭ ጣልኩት። የዕለቱን ሰልጣኞች «መኪናዋን ለውድድር እያዘጋጀን ነው» ብዬ አሰናበትኩ። ሰልጣኝ አላስነዳባትም፣ ልጄም በቪትዝ ነው የምትነዳው፣ ከእኔ በቀር የሚነካት የለም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ዋልኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ሜዳው ላይ ደረስን። ሰፊ የጠጠር ሜዳ ነው። በአንዱ ዳር የሙዝ እርሻ፣ በሌላው ዳር ደግሞ በሲሚንቶ የተሠራ የመስኖ ቦይ አለ፤ ጥልቀቱ የሰው ቁመት ይሆናል። ሕዝቡ ከቦዩ ማዶ ቆሟል። መነሻውም መጨረሻውም በቦዩ በኩል ነው። መጨረሻው ላይ ቀያይ ኮኖች አራት ማዕዘን ሆነው ቆመዋል፤ «ሳጥን» ይሉታል። መኪናው እዚያ ውስጥ ገብቶ ቀጥ ማለት አለበት። ሳጥኑን ያለፈ የሚጠብቀው ቦዩ ነው።

ከመግባት በፊት ፍተሻ አለ። ፈታሹ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ታሪኩ። መካኒክ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ያወጣው እኔ ዘንድ ሰልጥኖ ነው፤ ጋራዡን ከከፈተም ገና ጥቂት ወሩ ነበር። ሲያየኝ ወረቀቱን በግራ እጁ ይዞ፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝ።

«ጋሼ! የእርስዎን መኪና ደግሞ እኔ ልፈትሽ? ፍሬን ማየት ማን አስተማረኝና?»

«ሥራህን ሥራ እንጂ» አልኩት። ድምፄ ግን «ተወው» የሚል ድምፅ ነበር። ሰው ከልቡ ሲልና ከአንገት በላይ ሲል መቼም ይታወቃል።

«ኧረ ነውር ነው፣ ጋሼ። ሰው ምን ይለኛል?» አለና ፈረመ። «ይለፉ፣ ይለፉ።»

አመሰግናለሁ ብዬ አለፍኩ። ቤቴል ይህን አላየችም፤ ሰላምን ፍለጋ ሄዳ ነበር። ስትመለስ መንገዱን በእግር ሦስት ጊዜ አብረን ዞርን፤ ያልዞረ ሰው ኮኖቹ መሃል ይጠፋዋል። አምስቱን ኮን እየተጥመለመሉ ማለፍ፣ በሙዙ እርሻ ዳር ሰፋ አድርጎ መዞር፣ ተመልሶ ወደ ሳጥኑ። ቤቴል እየመራች ታስረዳኛለች። «ዓይንህ የቆምክበት ኮን ላይ አይሁን፤ የሚቀጥለው ላይ ይሁን። ሳጥኑ ጋ ደግሞ ዘግይተህ፣ አንዴ ብቻ፣ ጠንክረህ እርገጥ።» ልጄ አስተማሪ ሆና ሳያት ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን «አንዴ ብቻ» የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ።

ተራዬ ደረሰ። የተዋስነው ሄልሜት ጆሮዬን ጨምድዶ ያዘኝ። ናሆም ባንዲራውን ጣለ፤ ተነሣሁ። አምስቱን ኮን እንዴት እንዳለፍኩ አላስታውስም። በሙዙ በኩል ስዞር የኋላ ጎማዬ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ፤ መሪውን መለስኩና ያዝኳት። እውነቴን ነው፣ ለአንድ አፍታ ጎረምሳ የሆንኩ መሰለኝ። ከዚያ ሳጥኑ መጣ። ረገጥኩ። ፔዳሉ ጭቃ እንደረገጥኩ ሁሉ ወደ ታች ሄደ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ግማሽ ላይ ያዝ አደረገ። ሦስተኛው ላይ ጠነከረ። መኪናዋ አፍንጫዋን ከሳጥኑ በአንድ ክንድ አውጥታ ቆመች።

ሕዝቡ አጨበጨበ። ሆን ብዬ አስደንግጬ ያቆምኩ መስሏቸው ነበር።

መኪናዋን መቆሚያዋ ላይ ካደረግኋት በኋላ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከፊት ግራ ጎማ ስር ጠጠሩ ርሷል። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ዙር ነው የሚነዳው፤ ሁለተኛውን አልነዳም፣ ሞተሩ ሞቀብኝ እላለሁ ብዬ ቆረጥኩ። በዚህ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው የሚባለውን ግን ረስቼ ነበር።

የውድድሩ ደንብ እንዲህ ነው። ነድቶ የጨረሰ ሰው ቁልፉን መኪናው ላይ ትቶ ሜዳ ውስጥ ይገባል፤ የተቀሩት ሲነዱ የወደቀ ኮን ያነሣል። እኔ የደረሰኝ የሙዙ እርሻ ጥግ ነው፤ ከመነሻው ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ይርቃል። ስልኬ ከኪሴ ከወጣው ዕቃ ጋር ድንኳኑ ውስጥ ነው። አብረውኝ የተመደቡት አቶ ሻንቆ ናቸው፤ በፒካፕ የተወዳደሩ የሙዝ ነጋዴ። መኪና ለማስቆም የሚውለበለበው ቀይ ጨርቅ በእሳቸው እጅ ነበር።

ከዚያ ሆኜ የሰላም ቪትዝ ፍተሻ ላይ ስትደርስ አየሁ። ታሪኩ ኮፈኑን አስከፈተ። ባትሪውን በእጁ ወዘወዘው። ራሱን ነቀነቀ። ማሰሪያው ላልቶ ኖሮ መኪናዋ በእጅ ተገፍታ ወደ ዳር ወጣች። «ጎበዝ ተማሪዬ» አልኩ በልቤ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በእውነት ኮርቼበታለሁ።

ትንሽ ቆይቶ ቤቴል ከመነሻው በኩል ብቅ አለች። እጇን አውለበለበች፤ ወደ መኪኖቹ መቆሚያ ጠቆመች፤ እንደገና አውለበለበች። ስለ ነዳሁት እያደነቀችኝ ነው ብዬ አውራ ጣቴን አነሣሁላት። ደስ ብሏት እየዘለለች ሄደች።

ሁለት መኪኖች አለፉ። አንድ ኮን ወድቆ አነሣሁ። ቀና ስል አንዲት ነጭ ዲኤክስ ወደ መነሻው መስመር ስትጠጋ አየሁ። በዚያ ሜዳ ነጭ ዲኤክስ አንድ ብቻ ነበረች። መስኮቱ ውስጥ ቀይ ሄልሜት አለ።

«ልጅህ ነው!» አሉ አቶ ሻንቆ። አቶ ሻንቆ አማርኛ ሲናገሩ ወንድና ሴት ለመለየት አይጨነቁም። «በአንድ መኪና ሁለት ሰው ይነዳል ብለው ፈቅደዋል። ጎበዝ ነው፣ አይፈራም!»

አውራ ጣቴ ትዝ አለኝ። ለካ መኪናዋን ልንዳ ብላ ስትጠይቀኝ ነው እሺ ያልኳት። ሳልጠይቅ ቀዩን ጨርቅ ከእጃቸው ነጥቄ ከራሴ በላይ አውለበለብኩ። ናሆም አይቶኝ ባንዲራውን ሳይጥል ብብቱ ስር ያዘው። ወደ መነሻው ሮጥኩ፤ ከግማሽ በኋላ ትንፋሽ አጥሮኝ በእርምጃ ሄድኩ። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየኝ፣ በመንገዴ ሁሉ የማስበው እውነቱን እንዴት እንደምናገር እንዳይመስላችሁ። የተሻለ ውሸት እየፈለግኩ ነበር።

«ጋሼ፣ ኮን ወድቋል?» አለኝ ናሆም።

«የለም። መኪናዋ ሞቃለች። ትረፍ።»

ቤቴል መስኮቱን አወረደች። «አባዬ፣ ሙቀቱን አየሁት። መሃል ላይ ነው።»

«የጎማውም ንፋስ ልክ አይደለም።»

«ጠዋት የለካሁት እኔ አይደለሁም?»

ታሪኩ ከጎን መጣ። ዓይን ዓይኔን ማየት አልቻለም። «ጋሼ፣ መኪናዋ እኮ... ፈርሜባታለሁ» አለ ቀስ ብሎ። ያን ጊዜ ገባኝ። አፌን ብከፍት የምዋረደው እኔ ብቻ አይደለሁም። ይህ ልጅ በከተማው ሰው ፊት ሳያይ የፈረመ መካኒክ ሊባል ነው። ለእሱ አዝኜ ዝም እንዳልኩ ለራሴ ነገርኩት። ያም ውሸት ነበር።

ቤቴል ሄልሜቷ ውስጥ ሆና አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«አባዬ፣ መንዳት ከጀመርኩ ጀምሮ እግርህን ከዚያ ፔዳል ላይ አንስተህ አታውቅም። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ በኋላ እንኳ። ዛሬ አንድ ቀን ብቻ እመነኝ።»

መስኮቱን ዘጋችው። አንደኛ ማርሽ ስታስገባ ሰማሁ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ሰዓት እየሄደብን ነው፤ ወደ ዳር ይበሉልን» አለ ናሆምና ባንዲራውን አነሣ።

አፌን ከፈትኩ። «ፍሬን የላትም» ማለት ሁለት ቃል ነው። ከአፌ የወጣው ግን «ተጠንቀቂ» የሚል ነበር። ልጄን ተጠንቀቂ ብዬ ወደ ቦዩ ላክኋት።

እግሬ ስር ከቦዩ ውሃ የሚሰርግበት ቦታ አለ፤ ሣር አብቅሏል። ማን እንዳጎነበሰኝ አላውቅም። በሁለት እጄ ነጭቼ፣ ከነሥሩ ከነጭቃው ይዤ፣ ሞተሯን እያስጮኸች ባለችው መኪና ፊት ተንበረከክሁ።

እኛ ጋሞዎች ዘንድ እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከ ሰው አይታለፍም። ለጠብ የወጣ ጎረምሳ እንኳ ሣሩን ሲያይ ዱላውን ያወርዳል። የሚይዙት ግን ቃላቸው የታመነ የአገር ሽማግሌዎች ናቸው። ሣር ለደም እንጂ ለመኪና ሲያዝም ማንም አይቶ አያውቅም። እኔ በዕድሜዬ ይዤ አላውቅም፤ አያያዙም አላማረብኝ ይሆናል። ከቦዩ ማዶ የነበረው ጫጫታ ግን በአንድ ጊዜ ጠፋ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ናሆም።

ታሪኩ መለሰለት። «ባንዲራውን እንዳትጥል። ሣር ይዘዋል። አይታለፍም።»

ሞተሩ ጠፋ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ቃሉ ወጣ።

«ፍሬኗ ያፈሳል። ከሐሙስ ጀምሮ አውቃለሁ። በሽቦ አስሬ ነው ያመጣኋት። ታሪኩ ያልፈተሸው እኔን አክብሮ ነው፤ እኔም እንዳይፈትሸኝ ፈልጌ ዝም አልኩ።»

ታሪኩ ወረቀቱን መሬት ላይ አስቀመጠና በጀርባው ተኝቶ ከፊት ግራ ጎማ ስር ገባ።

«ቤቴል፣ ፍሬኑን እርገጪ» አለ። ረገጠች። «አሁንም። እዚያ ሳጥኑ ጋ እንደምትረግጪው አድርገሽ።»

ቷ የሚል ድምፅ ሰማን። ታሪኩ ሸሚዙ በዘይት ርሶ ወጣ። ፔዳሉ ወለሉን ሲመታ ይሰማል። ቤቴል ደግማ ረገጠች፤ እንደገና ወለሉን መታ። ያቺ የብረት ድምፅ እስካሁን አንዳንዴ ከእንቅልፌ ትቀሰቅሰኛለች።

ከመኪናዋ ወረደች። ሄልሜቱን ሳታወልቅ ወደ መጨረሻው ሳጥን ሄደች። ከዚያ ተነሥታ እርምጃዋን እየቆጠረች እስከ ቦዩ ጫፍ ደረሰች። ወደ ታች አየች። ተመልሳ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ሃያ አንድ እርምጃ ነው» አለች። ቀጥላም «ሐሙስ ዕለት ‹ሰላም ነው› ብለኸኝ ነበር» አለች። ከዚያ ወደ ቤት በሰላም ቪትዝ ሄደች።

እኔ እንደተንበረከክሁ ቀረሁ። ከሙዙ ጥግ እየተቻኮሉ የደረሱት አቶ ሻንቆ ብብቴን ይዘው አነሡኝ። «ተነሥ» አሉኝ። «በሣር የተነገረ ነገር አለቀ። ከዚህ በኋላ ማንም አይሰድብህም።» ያልኩትን ግን ከተማው አልረሳም። ለወራት ሰው ሲያየኝ ዝም ይል ነበር። ሁለት ሰልጣኞች ጥለውኝ ሌላ ቦታ ተመዘገቡ፤ አልፈረድኩባቸውም። አስቴር የሆነውን ስትሰማ አልተቆጣችኝም፤ ጓዳ ገብታ ብቻዋን ስታለቅስ ሰማኋት። ለፍሬናችን የጸለየችው እሷ ነበረች።

ቤቴል እስከ ማክሰኞ አላናገረችኝም። ማክሰኞ ጠዋት አዲሱን ቱቦ ራሷ ከአውቶብስ መናኸሪያ አምጥታ ግቢ ውስጥ አስቀመጠችው። «ክሪኩን አምጣ» አለችኝ። እሷ ስትገጥም እኔ ዳዶ እያቀበልኩ ዋልኩ። ስትጨርስ ተነሥታ እጇን ጠረገችና «አሁን አንተ እየው» አለች። «አንቺ ሠርተሽው?» ብላት፣ «ማንም ይሥራው። እየው» አለችኝ።

አንባቢዎቼ፣ እኛ አገር ታላቅን ማክበር እናውቃለን፤ ደግ ነገር ነው፤ ይቅር አልልም። እኔ ግን ያን ቀን ተማሪዬ ያከበረኝ መስሎት ጎዳኝ፤ እኔም ክብሩን ተቀብዬ ልጄን አስያዝኩበት። ዓይኔን በጨው አጥቤ «መኪናዋ ሞቃለች» ስል የሰማኝ ሁሉ ከእኔ ይልቅ ሽበቴን አምኖ ነበር። እናንተም በቢሮም ይሁን በቤት «እርስዎማ ይለፉ» ሲሏችሁ፣ ደስ ከማለቱ በፊት አንድ ጊዜ ኪሳችሁን ዳብሱ። ምን ይዛችሁ እያለፋችሁ እንደሆነ ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም።

አሁን የመጀመሪያ ትምህርቴ መሪ መያዝ አይደለም። አንድ ነገር አበላሽቼ እጠብቃለሁ፤ ዳዶ አላላለሁ፣ ወይ የባትሪ ማሰሪያ እፈታለሁ። ሰልጣኙ እስኪያገኘው መኪናዋ አትነሣም። «ኧረ ጋሼ፣ የእርስዎን መኪና?» እያሉ ያፍራሉ። ያን ሲሉኝ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ።

ውድድሩ ለሁለተኛ ጊዜ ሲደረግ በዲኤክሷ የተመዘገበችው ቤቴል ብቻ ነበረች። እስከ ፍተሻው ያደረስኳት እኔ ነኝ። ፈታሹ እንደገና ታሪኩ ነው፤ ራሱ ለምኖ እንደተመደበ ኋላ ሰማሁ። በዚህኛው ጊዜ እጁን ደረቱ ላይ አላደረገም።

«ጋሼ፣ ኮፈኑን ይክፈቱ» አለኝ።

ከጎማ ጎማ እየዞረ፣ ስር እየገባ፣ ከኋላችን ሰልፉ እስኪረዝም ፈተሸ። ሰው ሲያከብረኝ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። በመጨረሻ እጁን በመስኮት አስገብቶ መስታወቱ ላይ ያሰርኩትን ፈታ። ያን ቅዳሜ የያዝኩት ሣር ነው፤ ደርቆ ነበር።

«ይሄም ይውጣ። የሚወዛወዝ ዕቃ አይፈቀድም» አለና በእጄ ሰጠኝ።

ቤቴል ባንዲራው ሲጣል ተነሣች። እኔ ከቦዩ ማዶ፣ ከሰው መሃል፣ ደረቁን ሣር ጨብጬ ቆምኩ። አምስቱን ኮን አለፈች፤ በሙዙ በኩል ዞረች፤ ወደ ሳጥኑ መጣች፤ ዘግይታ፣ አንዴ ብቻ፣ ጠንክራ ረገጠች። ቀጥ አለች። ቀና ብላ በመስኮት ስትፈልገኝ ቁልቁል አየሁ። ቀኝ እግሬ መሬቱን አጥብቆ ረግጦ ነበር። ቀስ ብዬ አነሣሁት።